መጽሐፍ ጠራዡ ሚካኤል ፋራዴይ

የፋራዴይ ስም ሳይነሣ የሚያልፍ የፊዚክስ ትምህርት ዓመት የለም። ዳሩ ግን ስሙን የምናውቀው እንደ ሰው ስም አይደለም። የፋራዴይ ሕግ ተብሎ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የካፓሲተር አቅም የሚለካበት ፋራድ የተባለውም መለኪያ ከዚሁ ስም የተወሰደ ነው፤ እኛም ቀድተን፥ ሸምድደን፥ በፈተናው ቀን ጽፈን እንወጣለን። ይህ ሰው በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ ትምህርቱን ትቶ ለእንጀራ ሥራ የገባ መሆኑን፥ ለሊቅነቱም መነሻ የሆኑት ያነብባቸው ዘንድ ሳይሆን ይጠርዛቸው ዘንድ የተሰጡት መጻሕፍት መሆናቸውን ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። እኛም እስካለፈው ዓመት ድረስ አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል ምክንያት አድርጎ ለሚወጣው ለዚህ መጽሔት ጽሑፍ አቅርቡ በተባልን ጊዜ፥ የፋራዴይን ግኝቶች ለፊዚክስ መምህራችን ትተን፥ ስለ ንባቡ ለመጻፍ ወሰንን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ይህን ታላቅ ሰው አንቱ ሳንል «እርሱ» የምንለውም ከንቀት የተነሣ ሳይሆን፥ ታሪኩን ከሕፃንነቱ ስለምንጀምርና ከየትኛው ዕድሜው ላይ አንቱታውን እንደምንጀምር ስለ ቸገረን መሆኑን አንባብያን ይረዱልን።

ሚካኤል ፋራዴይ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ዓ.ም. በሎንዶን አጠገብ ኒውንግተን በተባለ ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጄምስ ፋራዴይ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ከሰሜን እንግሊዝ ወደ ሎንዶን አካባቢ የመጡት ሚካኤል ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ነገር ግን ጤና ስለ ጐደላቸው ሙሉ ቀን መዶሻ ለመያዝ የማይችሉበት ጊዜ ይበዛ ነበር። እናቱ ማርጋሬት አራት ልጆች ነበሯቸው፤ ሚካኤል ሦስተኛው ነው። በ1801 ዓ.ም. እህል እጅግ በተወደደ ጊዜ ለሚካኤል የሚደርሰው አንድ ዳቦ ብቻ ነበረ፤ እርሱንም ሳምንቱን ሙሉ ማብቃቃት ነበረበት። ያን ጊዜ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም። ትምህርቱም ማንበብ፥ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበር፤ ከዚያ የተረፈውን ሰዓት በቤትና በመንገድ ላይ ያሳልፈው ነበር።

በ1804 ዓ.ም. በብላንድፎርድ ጎዳና መጻሕፍት የሚሸጡና የሚጠርዙ ጆርጅ ሪቦ የተባሉ ሰው ለመላላክ ወሰዱት። በዚያ ዘመን ጋዜጣ ውድ ስለ ነበረ አንዱን ጋዜጣ ብዙ ሰው በተራ እየተከራየ ያነብበው ነበር። የሚካኤልም ሥራ ጋዜጣውን ለአንደኛው ደንበኛ አድርሶ፥ ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ ተመልሶ ተቀብሎ፥ ለሚቀጥለው ማድረስ ነበር። ይህን ባነበብን ጊዜ፥ አምና አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ በክፍላችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ ሽፋኑን እንዴት እንዳጣ ትዝ አለንና ሳቅን።

ልጁ በታማኝነት በማገልገሉ፥ ኦክቶበር 7 ቀን 1805 ዓ.ም. አቶ ሪቦ የጠረዛ ሥራ ተለማማጅ አድርገው ለሰባት ዓመት ተዋዋሉት። እንደ ልማዱ ቢሆን ኖሮ ሥራ ለሚያስተምረው ጌታ ገንዘብ የሚከፍሉት የልጁ ወላጆች ነበሩ፤ አቶ ሪቦ ግን የልጁን አገልግሎት ቈጥረው ገንዘቡን ተዉለት። እንግዲህ ሚካኤል የታተሙትን ወረቀቶች ማጠፍ፥ በተራቸው መደርደር፥ በመርፌና በክር መስፋት፥ ጀርባቸውን ሙጫ መቀባት፥ መጨረሻም ቆዳ ማልበስ ተማረ። በአገራችን የብራና መጻሕፍት ሲደጐሱ ያየ ሰው መርፌውን፥ ክሩንና ቆዳውን እዚህም ያገኛቸዋል። ጠራዥ ገጾቹ በተራቸው መሆናቸውን ማየት ይገባዋል፤ በገጾቹ ላይ ያለውን ነገር ማወቅ ግን ከእርሱ አይፈለግም። በሎንዶን ከተማ በዚያ ዘመን ብዙ ጠራዦች ነበሩ፤ በእጃቸው ያለፈውን ሁሉ ያነበቡ ቢሆኑ ኖሮ ከተማይቱ በሊቃውንት በተሞላች ነበር።

ሚካኤል ግን ሲጠርዝ የዋለውን ሲመሽ ያነብብ ጀመር። እዚህ ላይ ወላጆችና መምህራን አቶ ሪቦን እንዲያስተውሏቸው እንወዳለን። አቶ ሪቦ ልጁን አንብብ ብለው አላዘዙትም፤ ያነበበውንም አልጠየቁትም፤ የደንበኛ መጽሐፍ ታቈሽሻለህ ብለው ግን አልከለከሉትም። ሥራው ካለቀ በኋላ የሱቁን መጻሕፍት ፈቀዱለት፤ በኋላም ለሙከራው የሚሆን ስፍራ አልነፈጉትም። በእኛ አስተያየት ለአንድ ወጣት አንባቢ ከሽልማትና ከቁጣ ይልቅ የሚረዳው ይህ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሐሳብ ያላቸው መምህር እንዳሉ ስለምናውቅ ነገሩን አናስረዝመውም።

ሚካኤል የሚያነብበው ከሥራ በተረፈችው ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቲቱ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ለሰባት ዓመት አልተቋረጠችም። እኛም ይህን ታሪክ ከሰማን በኋላ በዓመቱ መጀመሪያ ስድስት ጓደኞች ሆነን አንድ ስምምነት አድርገን ነበር። ከትምህርት መጽሐፍ ሌላ የሆነ፥ መምህር ያላዘዘው፥ ፈተና የማይወጣበት መጽሐፍ በየማታው 10 ገጽ ልናነብ ተስማማን። ሒሳቡን በደብተር ሠርተን ነበር። በዓመት 3650 ገጽ ይሆናል፤ የመጽሐፉ መጠን 250 ገጽ ቢሆን ከ14 መጻሕፍት በላይ ነው። አንደኛው ወር መልካም አለፈ። በሁለተኛው ወር የክፍል ፈተና ቀረበ፤ ያልታዘዘ ንባብ የታዘዘውን ጥናት ይሻማል የሚል ወሬ ተነሣና አራቱ አቆሙ። ካቆሙት መካከል ይህን የምንጽፈው እኛ አለንበት። ሁለቱ እስከ ዛሬ ያነብባሉ። በፈተናው ውጤት እኛ አልበለጥናቸውም፤ እነርሱም አልበለጡንም። ይህን የምንናገረው እውነት ስለ ሆነ ነው፤ ንባብ ማርክ ይጨምራል ብለን ብንጽፍ ለመጽሔቱ ያማረ ይሆን ነበር፤ ሆኖም አላየነውም። እነዚያ ሁለቱ ግን አሁን በዕረፍት ሰዓት ሲነጋገሩ እኛ የማንገባበት ወሬ አላቸው።

ወደ ሚካኤል እንመለስ። ከሱቁ መጻሕፍት አንዱ የአይዛክ ዋትስ ድርሰት ነበረ፤ መጽሐፉ ሰው አእምሮውን እንዴት ማሻሻል እንደሚችል የሚመክር ነው። ዋትስ አንባቢው ማስታወሻ እንዲይዝ፥ ከሚያውቁ ሰዎች ትምህርት እንዲሰማ፥ ሐሳቡን ከሌሎች ጋር እንዲወያይበት ይመክራሉ። እንዲህ ያለ ምክር እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እስኪሰለቸን ሰምተነዋል። ልዩነቱ ሚካኤል ምክሩን ቃል በቃል መፈጸሙ ነው። አንድ ደብተር አዘጋጀና ከጋዜጣ፥ ከመጽሔትና ከመጻሕፍት ያገኘውን ስለ ተፈጥሮ የሚናገር ነገር ሁሉ በ1809ና በ1810 ዓ.ም. መላልሶ ጻፈበት። የማስታወስ ኃይሉን አያምነውም ነበርና፥ ያልጻፈውን እንዳላነበበው ይቈጥር ነበር ለማለት ይቻላል።

ቀጥሎ ለጠረዛ ከመጣው የኢንሳይክሎፔዲያ ብሪታኒካ ጥራዝ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈውን አነበበ። ኤሌክትሪክ የሚለውን ነገር በጥልቀት ያወቀው በዚህ ነው። አንብቦም አልተወውም፤ በሳምንት ከሚያገኛት ጥቂት ሳንቲም እየቈጠበ፥ ጠርሙስ በማሻሸት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ትንሽ መሣሪያ ሠራ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሕይወቱን የለወጠው ስለ ኬሚስትሪ የተጻፈ አንድ የጀማሪዎች መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በ1806 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን ያን ጊዜ የደራሲው ስም አልወጣበትም። የጻፉት ወይዘሮ ጄን ማርሴት ናቸው። ወይዘሮ ማርሴት በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰምተው አልገባ ስላላቸው፥ ቤታቸው ሆነው ከባላቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር ነገሩን እየተነጋገሩ ተረዱት፤ ከዚያም እንደ እርሳቸው ለተቸገሩት ሴቶች ጻፉላቸው። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት መምህርት ከሁለት ልጃገረዶች ጋር ይነጋገራሉ፤ ልጃገረዶቹ ይጠይቃሉ፥ መምህርቲቱ ይመልሳሉ፥ ሙከራም ያሳያሉ። እንግዲህ ታላቁ ፋራዴይ ኬሚስትሪን የተማረው ለሴቶች ልጆች ከተጻፈ ቀላል መጽሐፍ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት መቈየት እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ቀላል መጽሐፍ መያዝ ያሳፍራል። ቤተ መጻሕፍት ገብተን የምንመርጠው ወፍራሙን ነው። በብብታችን ይዘነው በግቢ ውስጥ ከተዘዋወርንበት በኋላ በሃያኛው ገጽ ላይ ምልክት አድርገን እንመልሰዋለን። ከመጽሐፉ ጀርባ የተለጠፈችው የቀን ወረቀት ብዙ ሰው እንደ ተዋሰው ታሳያለች፤ የገጾቹ ጠርዝ ግን ከሃያኛው በኋላ ነጭ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች የሚያነብቡት ነው ብለን የናቅነውን መጽሐፍ አንሥተን ብንጨርስ የሚስቅብን ይኖር ይሆናል። ሚካኤልን ግን በአቶ ሪቦ ሱቅ ጓዳ የሚያየው ሰው ስላልነበረ፥ የሚገባውን መጽሐፍ መርጦ አነበበ።

ያነበበውንም ዝም ብሎ አላመነም። በልጅነቱ ሐሳቡ በቀላሉ የሚወሰድ ነበረ፤ የሺህ አንድ ሌሊትን ተረትና ኢንሳይክሎፔዲያውን እኩል ለማመን የሚችል ልጅ እንደ ነበረ ሸምግሎ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ተናዟል። ያዳነው ሙከራው ነው። ወይዘሮ ማርሴት ይህን ከዚህ ጋር ብትቀላቅሉ እንዲህ ይሆናል ባሉ ጊዜ፥ አቅሙ በፈቀደ መጠን ቀላቅሎ አየ፤ እንዳሉትም ሆነ። ከዚህም በኋላ መጽሐፉን አጥብቆ ያዘው። ያለ መሣሪያ ሊፈተን የሚችል ነገር ጥቂት መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም መጽሐፍ ያለውን ሁሉ አሜን ብለን ከምንገለብጠው ከእኛ ይህ ልጅ በዚህ ይለያል።

በ1810 ዓ.ም. አባቱ ሞቱ። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር በዶርሴት ጎዳና አቶ ቴተም የተባሉ ሰው በማታ የሚሰጡትን የሳይንስ ትምህርት መስማት ጀምሮ ነበር። የአንዱ ማታ መግቢያ አንድ ሽልንግ ነው፤ ለተለማማጅ ልጅ ይህ ብዙ ገንዘብ ነበርና፥ ብዙውን ጊዜ የከፈለለት እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ሮበርት ነበር። ስለ ሮበርት በትምህርት መጽሐፋችን ውስጥ አንድ መስመር እንኳ የለም። ሚካኤል የሰማውን ሁሉ በማስታወሻ ያዘ፤ መሣሪያዎቹን በሥዕል ለማሳየት ሥዕል አይችልም ነበርና፥ በአቶ ሪቦ ቤት ተከራይቶ ከሚኖር ከአንድ ስደተኛ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ተማረ። ለውለታውም የሠዓሊውን ክፍል ያጸዳና ጫማውን ይወለውል ነበር። በመጨረሻ ማስታወሻዎቹን አራት ጥራዝ አድርጎ ጠረዛቸውና ለጌታው ለአቶ ሪቦ አበረከታቸው።

አቶ ሪቦ በተለማማጃቸው ኮርተው ጥራዞቹን ለደንበኞቻቸው ያሳዩ ነበር። ከተመለከቱት አንዱ ዊልያም ዳንስ የሮያል ኢንስቲትዩሽን አባል ነበሩና፥ የሃምፍሪ ዴቪን የመጨረሻ አራት ትምህርቶች የሚሰማበት ቲኬት ሰጡት። ይህ የሆነው በ1812 ዓ.ም. ከፌብሩዋሪ እስከ አፕሪል ነው። ዴቪ በዚያ ጊዜ በሎንዶን ስመ ጥር ነበሩ፤ ትምህርታቸውን ለመስማት በሚመጣው ሰው ጋሪ መንገዱ ይዘጋ ነበር። የሃያ ዓመቱ ጠራዥ ከላይ በሰገነቱ፥ ከሰዓቱ በላይ ተቀምጦ ያዳምጥ፥ ይጽፍም ጀመር። ቤቱም ገብቶ አስፋፍቶ ገለበጠው፤ ሥዕሎች ጨመረበት፤ ማውጫ አበጀለት፤ ከ300 ገጽ በላይ የሆነውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ጠረዘው።

የፋራዴይን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ዕድለኛ ነበረ ይላሉ፤ ደንበኛው ቲኬት ባይሰጠው ኖሮ ጠራዥ ሆኖ ይቀር ነበር ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ቲኬቱ የመጣው ጥራዞቹ ስለ ታዩ ነው፤ ጥራዞቹ የተጻፉት ከሰባት ዓመት ንባብ ነው። ደግሞም ከቲኬቱ በኋላ የመጣው ዕድል ሳይሆን መከራ ነው። ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለሰር ጆሴፍ ባንክስ በሳይንስ ቤት ማናቸውንም ዝቅተኛ ሥራ እንዲሰጡት ጻፈ፤ በበር ጠባቂው በኩል መልስ የለም ተባለ። በኦክቶበር 1812 ዓ.ም. የተለማማጅነቱ ዘመን አለቀና ደላ ሮሽ ከተባሉ ቁጡ ጌታ ጋር በጠራዥነት ተቀጠረ፤ እንደ አቶ ሪቦ ቤት የንባብ ሰዓት አላገኘም። በዲሴምበር ወር የጠረዘውን መጽሐፍ ጨምሮ ለዴቪ ጻፈ። ዴቪም በመልካም መለሱለት፤ በተገናኙም ጊዜ ሳይንስ ደመወዟ ትንሽ ናትና ጠረዛህን አትተው ብለው መከሩት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ምክንያት ተባረረ፤ ዴቪም ጠራዡን አስታወሱት። ማርች 1 ቀን 1813 ዓ.ም. ሚካኤል ፋራዴይ በሳምንት 25 ሽልንግ ደመወዝ፥ በሕንጻው ላይኛ ፎቅ ሁለት ክፍል፥ ከሰልና ሻማ ተፈቅዶለት በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተቀጠረ። ያን ጊዜ የ21 ዓመት ልጅ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፍ። ከዴቪ ጋር እስከ 1815 ዓ.ም. ድረስ ፈረንሳይንና ኢጣልያን ጐበኘ፤ በሚላኖ ሽማግሌውን ቮልታን አየ። በ1821 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ፤ በዚሁ ዓመት ሣራ ባርናርድን አገባ። በ1825 ዓ.ም. ቤንዚን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ይህ በመኪና ከሚቀዳው ቤንዚን ሌላ ነው። ኦገስት 29 ቀን 1831 ዓ.ም. በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦዎች ለየብቻ ጠቅልሎ፥ በአንደኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅና ሲቋረጥ ከሁለተኛው ጋር የተያያዘው መርፌ እንደሚንቀሳቀስ አየ። በኦክቶበር ወርም ማግኔት በሽቦ ጥቅልል ውስጥ በማስገባትና በማውጣት ብቻ ኤሌክትሪክ አመነጨ። በቆቃ ግድብ ሆነ በሌላ ስፍራ በውሃ ኃይል የሚሽከረከረው ጄኔሬተር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ይህን የምንጽፍበት መብራትም ከዚያው የመጣ ነው።

ነገር ግን ብቻውን ያነበበ ሰው የሚጐድለው ነገር እንዳለ መደበቅ አይገባም። ፋራዴይ ሒሳብ አልተማረም። ትልልቅ ሐሳቦቹን ሁሉ የጻፈው በቃልና በሥዕል ነው፤ በማግኔት ዙሪያ የሚዘረጉትን የኃይል መስመሮች በዓይኑ እንደሚያያቸው አድርጎ ይገልጻቸዋል፤ አንድ የአልጀብራ ቀመር ግን አይገኝበትም። የሒሳብ ሊቅ የሆነው ወጣት ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ጽሑፍ በላከለት ጊዜ፥ ፋራዴይ በ1857 ዓ.ም. በጻፈው መልስ የሒሳብ ሊቃውንት የደረሱበትን ነገር ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ቢጽፉልን ምን አለበት ብሎ ጠየቀው። ማክስዌልም የፋራዴይን ሐሳብ ወስዶ በ1865 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ሙሉ የሒሳብ መልክ ሰጠው። ሒሳብን ትተን ልብ ወለድ እናንብብ የሚሉ ጓደኞቻችን ይህን እንዲያስተውሉ እንወዳለን።

እንደዚሁም ንግግሩና ሰዋስው አልተቃናለትም ነበር። ይህን ያቃናው በጓደኞች ነው። ከኤድዋርድ ማግራዝ ጋር ተስማምቶ፥ ማግራዝ ለሰባት ዓመት ያህል ንግግሩንና አጻጻፉን እየተከታተለ ያርመው ነበር። እንደ እርሱ ከሥራ በኋላ ከሚማሩ ጥቂት ወጣቶች ጋርም በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ አብረው ያነብቡ፥ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይተች ነበር። ከእነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹን ታሪክ አያስታውሳቸውም። በኋላ ፋራዴይ በሎንዶን ከሚገኙት ተናጋሪዎች ሁሉ የተወደደ ሆነ፤ በገና ሰሞን ለልጆች የሚሰጠውን ትምህርት ከ1827 እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ 19 ጊዜ አስተማረ። የመጨረሻው ስለ አንዲት ሻማ ነበረ፤ ታትሞ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። ሻማ እንዴት እንደምትነድ ብቻ እየተናገረ ስድስት ትምህርት ሙሉ ልጆቹን ይዟቸዋል። ከኬሚስትሪ መጻሕፍት ሁሉ ለመጀመር የሚሻለውን የሚጠይቀን ቢኖር ይህን እንነግረዋለን፤ ቀላል ነው።

ከእኛ ክፍል ተማሪዎች ጥቂቱ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ይሄዳሉ፤ ጥቂቱ ሥራ ይይዛሉ፤ ሌሎችም ለጊዜው ወላጆቻቸው ቤት ይቀመጣሉ። ማን ወዴት እንደሚሆን ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ አናውቅም። ከሐምሌ ጀምሮ ግን ገጽ ይህን ያህል እስከ ይህን ያህል አንብቡ የሚለን ሰው አይኖርም። ስለዚህ ነገር በመኝታ ቤት ስንነጋገር ካመሸን በኋላ አንዱ ጓደኛችን ለመሆኑ አንድ መጽሐፍ ያለ ትእዛዝ ጀምራችሁ የጨረሳችሁ እጃችሁን አውጡ አለ። ከዐሥራ ሁለታችን አምስት እጅ ወጣ። አምስተኛው በኋላ ጥቂት አስቦ እጁን መለሰ።

ፋራዴይ ከዚያ ሁሉ ዝና በኋላም የሰርነት ማዕረግ አልቀበልም አለ፤ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነትንም ሁለት ጊዜ እንቢ ብሏል። ሳምንቱን በአንድ ዳቦ ያሳለፈው የዚያ ልጅ መልክ ከ1991 እስከ 2001 ዓ.ም. በእንግሊዝ የ20 ፓውንድ ገንዘብ ላይ ታትሞ ሲሠራበት ቈይቷል። በሕይወቱ ሳለ ግን ውለታ የማይረሳ ሰው ነበረ። አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቍጥር አንዱን ቅጂ ለወይዘሮ ማርሴት ይልክላቸው ነበር፤ እርሳቸውም የጀማሪዎቹን መጽሐፍ እንደገና ሲያሳትሙ የቀድሞ አንባቢያቸው ያገኘውን ጨምረው ይጽፉ ነበር። በ1858 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ፥ በጠራዥነቱ ዘመን መጽሐፋቸው ምን እንዳደረገለት ለዤኔቭ ወዳጁ ለዴ ላ ሪቭ በዝርዝር ጻፈ። ያ ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወቅን ነበር።

የማስታወስ ኃይሉ በሽምግልናው እጅግ ደከመ። አስቀድሞ ግን የሠራውን ሙከራ ሁሉ ቀን በቀን እየጻፈ፥ ለየአንቀጹ ቍጥር እየሰጠ ይዞ ነበር፤ ቍጥሩ ከ16000 አልፏል። እነዚህንም ማስታወሻዎች ያለ ሌላ ሰው ርዳታ ራሱ ይጠርዛቸው ነበር። ኦገስት 25 ቀን 1867 ዓ.ም. በሃምፕተን ኮርት፥ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ። በሃያ ዓመቱ ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የጻፈውና በእጁ የጠረዘው የዴቪ ትምህርት ማስታወሻ አሁንም በሎንዶን አልበማርል ጎዳና በሮያል ኢንስቲትዩሽን ይገኛል።